ባቡር ዓባይን ለምን አልተሻገረም? የጎጃም የሐዲድ ጥያቄ ሲብራራ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ስለ መንገድና ስለ ልማት ወሬ በተነሳ ቁጥር «ባቡር ለምን ወደ እኛ አልመጣም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ረሱን» ይባላል። ቅሬታው መሠረት አለው። ከ100 ዓመት በላይ በዘለቀው የኢትዮጵያ የባቡር ታሪክ ጎጃም ውስጥ አንድም የመንገደኛ ባቡር ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን «ረሱን» ማለት ታሪኩን አይገልጥም፣ ይሸፍነዋል። የሐዲድን መንገድ ከባለሥልጣን በፊት የሚመርጠው የመሬቱ ተዳፋት ነው፤ ከዚያ ጭነቱና ወደቡ ይከተላሉ። ይህን የማያውቅ ሕዝብ የሚጠይቀውን ሊስት ይችላል፤ የማይሆነውን መስመር ሲናፍቅ የሚሆነው ሊያመልጠው ይችላል።

ከተዳፋቱ እንነሳ። የባቡር ጎማ ብረት ነው፤ የሚሄድበትም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚይዘው ነገር እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በደልዳላ ሜዳ አንድ ቶን ጭነት ለመጎተት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ለማንሳት የሚያስፈልገውን ያህል ጉልበት ይበቃል። አንድ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው ሞተር) በሺህ የሚቆጠር ቶን ይዞ የሚነጉደው በዚህ ምክንያት ነው። ዳገት ሲመጣ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። መሬቱ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቶን 10 ኪሎ ግራም የሚያህል ጉልበት ይጨመራል። በ100 ሜትር ሁለት ሜትር ከፍ ካለ ጭማሪው 20 ይሆናል። በሜዳው ሁለት ሦስት ኪሎ ይበቃው የነበረው ጭነት አሁን 22 ወይም 23 ይጠይቃል ማለት ነው። ያው ሎኮሞቲቭ ሜዳ ላይ ከሚጎትተው ከስምንት እስከ 11 እጥፍ ያነሰ ጭነት ብቻ ይዞ ይወጣል። ዳገቱ ከዚያ በላይ ከቆመ ደግሞ ለስላሳው ብረት ለስላሳውን ብረት መቆንጠጥ ስለማይችል ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ቁልቁለቱም ከዳገቱ አይሻልም፤ ያን ያህል ክብደት ይዞ የሚወርድ ባቡር ፍሬኑ ከከዳው የሚያቆመው የለም።

መሐንዲሶች ለከባድ ጭነት ባቡር በ100 ሜትር ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ተዳፋት የሚፈልጉት በዚህ የተነሳ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሲነደፍ ከፍተኛው ተዳፋት በ100 ሜትር 1.85 ሜትር እንዲሆን ተደርጓል።

አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ እንሂድ። ከሸዋ ሲመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ የሚቆም ሰው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ማዶ ደጀንም ከዚያ ብዙም አይተናነስም። በመካከላቸው ያለው ወንዝ ግን 1,050 ሜትር አካባቢ ነው። መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። በ20 ኪሎ ሜትር 1,400 ሜትር መውረድ ማለት በ100 ሜትር ሰባት ሜትር ነው። የጭነት መኪና ይህን በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣዋል። ባቡር አይወጣውም። ተዳፋቱን ወደ ሁለት ሜትር ለማውረድ ቢፈለግ ያንኑ 1,400 ሜትር ለመውረድ 70 ኪሎ ሜትር፣ ለመውጣትም ሌላ 70 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ዛሬ 40 ኪሎ ሜትር የሆነው የመኪና መንገድ ለባቡር 140 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያውም በገደል ወገብ ላይ ተጠማዞ፣ ዋሻ እየበሳ፣ በየሸለቆው ድልድይ እየዘረጋ።

«ከአፋፍ እስከ አፋፍ ድልድይ ቢሠራስ?» የሚል አይጠፋም። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ እርሱም ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ ከበረሃው ሥር የተዘረጋ ነው። በዓለም ላይ እስካሁን የተሠሩት እጅግ ከፍተኛ ድልድዮች እንኳ ከሥራቸው ያለው ጥልቀት የዓባይን በረሃ ግማሽ አይሞላም። ሌላም ችግር አለ። የበረሃው ግድግዳ አንድ ወጥ ዓለት አይደለም። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋማ ድንጋይ ተደራርበውበታል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ይንሸራተታል። የአስፋልት መንገዱ በዚህ መንሸራተት ደጋግሞ ተሰነጣጥቋል፣ ሰምጧል። አስፋልት ሲሰምጥ ተደልድሎ ይታለፋል፤ ሐዲድ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከመስመሩ ከወጣ ባቡሩን ይገለብጣል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ሙግት አለ። ከምጽዋ አስመራ የተዘረጋው የጣሊያን ሐዲድ ከባሕር ወለል ተነስቶ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት 2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ የለም ወይ? ወጥቷል። በ1904 ዓ.ም. አስመራ ደርሷል። አንዳንድ ቦታ ተዳፋቱ በ100 ሜትር ሦስት ሜትር ተኩል ይደርሳል። ሆኖም ያ መስመር የሐዲዱ ስፋት 95 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ባቡሮቹ አጫጭርና ቀላል፣ ጉዞው ዘገምተኛ ነበር። ከሁሉ በላይ ዳገቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ላይ ከደረሰ በኋላ ያረፈው ደጋ ላይ ነው። የዓባይ በረሃ ግን ያገኙትን ከፍታ ሁሉ መልሶ ያስረክባል፤ ወርዶ እንደገና መውጣት ነው። ለባቡር ከዚህ የሚብስ መልክዐ ምድር የለም።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ እስከ ካፋና ነጭ ዓባይ። በሦስቱም ውስጥ ጎጃም የለም። የዘመኑ ነጋዴ ዓይን ያረፈው የደቡብና የምዕራብ ቡና ላይ ነበር፤ ያ ሦስተኛ ክፍል ራሱ ከወረቀት ሳይወርድ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የሐረር ዕጣ ነው። ውሉ ላይ ስሟ በግልጽ የሰፈረው፣ ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ባቡር አላገኘችም። ከቆላው ወደ እርሷ የሚያወጣው ዳገት ገንዘብ የሚጨርስ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ሜዳውን ይዞ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ባዶ ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ጥንታዊቱን ከተማ ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጓትም፣ ኩባንያው ቢፈርምላትም፣ 700 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አስቀራት። እኔ ይህን ሳነብ ስለ ጎጃም ያለኝ ቁጭት መልኩን ቀይሯል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሐዲድ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ድሬዳዋ የምትሆነው ጎሐ ጽዮን ነበረች፤ ደብረ ማርቆስ የሐረርን ቦታ ትይዝ ነበር።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተሰጥቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የወረዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ ግን በዚያ ዘመን የዓባይን በረሃ በበቅሎ ማቋረጥ ግድ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጎጃምን ሊነካ የሚችል ሐዲድ በውጭ ኃያላን ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ያውቃል። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት በጣናና በዓባይ ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ነበረበት። በዚያው ውል እንግሊዝ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ላይ እንድታሳልፍ መብት አገኘች። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ስምምነቱ እንዲህ ነበር፤ ጣሊያን እንግሊዝ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ትደግፋለች፤ እንግሊዝ በበኩሏ ጣሊያን ከኤርትራ እስከ ጣሊያን ሶማሊያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ ሐዲድ እንድትዘረጋ ትደግፋለች። ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው፣ ከኤርትራ ተነስቶ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ መስመር ዓባይን አንድ ቦታ ላይ ማቋረጡ የማይቀር ነው፤ ጎጃምን ሸሽቶ ማለፍም ይከብደዋል። ራስ ተፈሪ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቅርበው ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ። ያ ባቡር መጥቶ ቢሆን የጎጃምን እህል ለማውጣት አይደለም የሚመጣው፤ ሁለት ቅኝ ግዛቶችን በእኛ ወገብ ላይ ለመስፋት ነበር። ባለመምጣቱ የሚቆጭ ያለ አይመስለኝም።

ፍኖተ ሰላም በካርታው ላይ

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመና ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በስምንት ኮሪደሮች የተከፈለ ብሔራዊ የባቡር መረብ ተነደፈ። ከስምንቱ አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ በወረታ፣ በወልድያና በሰመራ አድርጎ አፋር ውስጥ እስካለው ኤሊዳር የሚደርስ ነው፤ ርዝመቱ 734 ኪሎ ሜትር። ሌላው ከወረታ በአዘዞ ወደ መተማ የሚሄድ 244 ኪሎ ሜትር ነው። ጎጃም ተረሳ የሚለው ሰው ይህን መስመር አንድ ጊዜ በጣቱ ተከትሎ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

መስመሩ ወደ ደጀን አይወርድም። ፍኖተ ሰላም ላይ ይጀምርና ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። አዲስ አበባን ትቶ በቀጥታ ወደ ባሕር፣ ወደ ጅቡቲው ታጁራ ወደብ አቅጣጫ ይሄዳል። ዓባይን የሚሻገረውም በረሃው ላይ ሳይሆን ወንዙ ገና ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አካባቢ ነው። እዚያ ወንዙ በሜዳ ላይ ይፈስሳል፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የመኪና ድልድይ 380 ሜትር ብቻ መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ያው ወንዝ ጥቂት ወርዶ የማይደፈር ገደል የሚሆነው ከጢስ ዓባይ በኋላ ነው።

በጎጃም ውስጥ ያለው መሬትስ? ከፍታዎቹን እንይ። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር አካባቢ፣ ቡሬ 2,100 አካባቢ፣ እንጅባራ 2,560 ገደማ፣ ዳንግላ 2,140 ገደማ፣ ባሕር ዳር 1,800። ከፍተኛው ዳገት ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለው ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 460 ሜትር ያህል ይወጣል። በአማካይ በ100 ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው። ከባድ ነው፣ ጠመዝማዛም ይፈልጋል፣ ግን ባቡር የሚችለው ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ያለው ቁልቁለት ከዚያ ይቀላል። ከዳንግላ በመራዊ በኩል እስከ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳርም በሐሙሲት እስከ ወረታ ያለው መሬት ደግሞ አብዛኛው ለሐዲድ የተመቸ ነው። ፈተናው የሚጀምረው ከወረታ በኋላ ነው። በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ 3,000 ሜትር አካባቢ ወጥቶ፣ ከጋሸና ወደ ወልድያ መውረድ አለበት። መስመሩ ከዓባይ በረሃ አምልጧል፤ ከተራራ ግን አላመለጠም። ከወልድያ ወደ አዋሽ የሚወስደው ሌላው መስመር ግንባታው ብዙ ከተራመደ በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቶ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር መቆየቱ የጎጃሙን መስመር ተራ አርቆታል።

ለምን ከፍኖተ ሰላም? መልሱ ጭነት ነው። ባቡር የሚያዋጣው ሄዶም ተመልሶም ሲጭን ነው። የጅቡቲው መስመር ዋነኛ ችግር ወደ ላይ ሙሉ፣ ወደ ታች ግማሽ ባዶ መሄዱ ነው። ጎጃም ግን በየዓመቱ ማዳበሪያ በብዛት ከወደብ ይመጣለታል፤ በቆሎና ጤፍ ደግሞ ያወጣል። ቡሬ ላይ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የተሠራውም በዚሁ እሳቤ ነው። ማዳበሪያ ጭኖ የመጣ ፉርጎ እህል ይዞ ሊመለስ የሚችልበት አካባቢ አገራችን ውስጥ ብዙ የለም። ለእኔ የጎጃም ባቡር ትልቁ ክርክር ይህ ነው፤ ከ«ረሱን» ይልቅ ይህን ይዞ የሚቀርብ ሰው ይደመጣል።

ሰው የሚያመላልስ ባቡር

እስካሁን ያወራነው ስለ ጭነት ነው። በከተማ ዳርቻ እየኖረ ከተማ ውስጥ የሚሠራውን ሰው ጠዋት አምጥቶ ማታ የሚመልስ ባቡር ግን ሌላ ባሕርይ አለው፤ ሁለቱን መቀላቀል ብዙ አገር አስከፍሏል። የጭነት ባቡር ትልቅ ሆኖ አልፎ አልፎ ቢመጣ ይበቃዋል። የተመላላሽ ባቡር ትንሽ ሆኖ ቶሎ ቶሎ መምጣት አለበት። የጭነት ጣቢያ ከከተማ ቢርቅ ጉዳት የለውም፤ የተመላላሽ ጣቢያ ከመናኸሪያውና ከገበያው በእግር ካልተደረሰበት ማንም አይሳፈርበትም።

የቀድሞው የምድር ባቡር ይህን ባሕርይ ሳያስበው ይዞት ነበር። ጣቢያው ለገሀር ላይ፣ ከተማው መሐል ስለነበር አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ በሐዲዱ ዳር አደጉ። አቃቂ ላይ ፋብሪካዎች የተሰባሰቡት ሐዲዱን ተከትለው ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በፍጥነትም በአቅምም የላቀ ነው፤ የአዲስ አበባ ጣቢያው ግን ፉሪ ለቡ ነው፣ የሌሎቹም ከተሞች ጣቢያዎች በአብዛኛው ከመሐል ከተማ የራቁ ናቸው። ለኮንቴይነር ይመቻል፤ አዳማ አድሮ አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው አይመችም።

በከተማ ውስጥ ደግሞ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በዚያው ዓመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር ተገኘ። መጀመሪያ ላይ ዋጋው እንደ ርቀቱ ሁለት፣ አራትና ስድስት ብር ነበር። ሕዝቡ ተሻምቶ ተሳፈረበት። ከ41ዱ ባቡሮች ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ትኬቱ የሚሸጠው በብር ነው፤ ያውም ከወጪው በታች። ሐዲድ ከመዘርጋት ይልቅ ባቡሩን በየዓመቱ ማስኬድ እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ባሕር ዳር ነገ ባቡር ብትፈልግ ከግንባታው ብድር በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ነው።

ባሕር ዳርን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ በመሸንቲ በኩል ወደ መራዊ አቅጣጫ እየተለጠጠች ነው። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ተጨናንቆ የሚገባው ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ ከዚያው አቅጣጫ ይመጣል። መራዊ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ተዳፋቱም ባቡር የሚያሳስብ አይደለም። የፍኖተ ሰላም መስመር ተሠርቶ ቢያልፍ፣ በዚያው ሐዲድ ላይ የተመላላሽ ባቡር ማስኬድ ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው። ባቡሩ በየጣቢያው እየቆመ 30ውን ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል እንበል። ሐዲዱ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት መተላለፍ አይችሉም፤ አንዱ ጨርሶ እስኪደርስ ሌላው ይጠብቃል፤ ከአንድ ጫፍ በየአንድ ሰዓቱ አንድ ባቡር ብቻ ይነሳል። መሐል ላይ አንድ ማሳለፊያ ሐዲድ ከተጨመረ ግን ሁለቱ እዚያ ይተላለፋሉ፤ ከሁለቱም ጫፍ በየግማሽ ሰዓቱ ባቡር ይነሳል። ጥቂት መቶ ሜትር ተጨማሪ ሐዲድ አገልግሎቱን በእጥፍ ያሳድጋል። የጭነት ባቡሩን ሌሊት ማሳለፍ፣ ጠዋትና ማታን ለሰው መተው ነው።

ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን መሬቱ ሲኖር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ባቡሩ በዋና ዋና ጎዳናዎች መሐል በአጥርና በድልድይ እንዲያልፍ የተደረገው አንዱ ምክንያት ሌላ ቦታ በቤት ስለተያዘ ነው፤ በዚህም ግራና ቀኝ ያለው ሰፈር ተቆራርጧል፣ እግረኛው ማቋረጫ ፍለጋ ይዞራል። ባሕር ዳር፣ መሸንቲ፣ መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራና ቡሬ የከተማ ፕላናቸውን በየጊዜው ያሻሽላሉ። በፕላኑ ላይ ለሐዲድ የሚሆን ጠባብና ረጅም መሬትና ከመናኸሪያው አጠገብ ለጣቢያ የሚሆን ቦታ መከለል ለወደፊቱ ግንባታ ብድር አይጠይቅም፤ ለገበሬው ማረሻውን ዛሬ አያስጥለውም፤ እስከዚያው እርሻ ሆኖ መቆየት ይችላል። ቤት ከተሠራበት በኋላ ግን ካሳው ከሐዲዱ ዋጋ ጋር ይፎካከራል፣ መስመሩም ወደ ዳር ይገፋል፣ ጣቢያውም እንደ ፉሪ ለቡ ከሰው ይርቃል። በየከተማው የፕላን ውይይት ሲጠራ የሚገኝ የጎጃም ሰው ሊያነሳው የሚገባው ጥያቄ ሐዲዱ በየት በኩል እንደሚያልፍና ጣቢያው የት እንደሚቆም ነው።